ጥቁሩን ነጭ አድርግልኝ

ልደታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይልኣብ፣

ባለህበት አገር የልደታዋ እመቤት ከለላ ትሁንህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምጽፈው የለኝም።

በስልክ ብነግርህ ይቀል ነበር። ግን ድምፄን ሳወጣ እንባዬ ይቀድመኛል፤ የጀመርኩትን አልጨርሰውም። ስለዚህ ቀስ ብዬ በወረቀት እጽፋለሁ። ኑኃሚን፣ ፊት ለፊቴ የምትኖረው ጎረቤቴ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። የአንተንም መልስ ሜክሲኮ አሳትማ ታመጣልኛለች። ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ዓይኔ አይይዘውም።

አብሮ አደግህ ኬብሮን ማለፉን ሰምተሃል። «ራሴን አመመኝ» አለኝ፣ ተኛ፣ በሦስተኛው ቀን አልተነሣም። ልጄን ቀበርኩ። ስለዚህ ሌላ አልጽፍም።

የምጽፍልህ ስለ እህቱ ነው። ርግኣት እዚያው ስዊድን፣ ማልሞ፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንዳስወረዳት ታውቃለህ። ሐኪሟ ከአልጋ ብዙ አትነሺ ብሏታል። ለባሏ ለጴጥሮስ ደውዬ ብነግረው መጀመሪያ አለቀሰ፤ ከዚያ «እማማ፣ እስክትወልድ አይነገራት» አለኝ። እርጉዝ ሴት መርዶ እንደማይነገራት አንተም ታውቃለህ፤ በዚህ ያደግህ ነህ። ስለዚህ ወንድምሽ ለሥራ ጋምቤላ ሄዷል፣ ሠፈሩበት ቦታ ኔትወርክ የለም አልኳት። ጎረቤቱንም፣ ጓደኞቹንም፣ ፌስቡክ ላይ እንዳያወጡብኝ እየዞርኩ ለመንኩ። እሺ አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እሷ ግን በደወለች ቁጥር «ፎቶውን እንኳ ላኩልኝ፤ ከሳ እንዴ?» ትለኛለች። የድሮ ፎቶዎቹን ሁሉ አይታቸዋለች። አንተ ሥራህ ፎቶ ነው። ኑኃሚን አንድ ትልክልሃለች፤ ጌጃ ሰፈር፣ የራሱ ፎቶ ቤት በር ላይ ቆሞ የተነሣው ነው። እሱን አዲስ አስመስልልኝ። ሸሚዙን ቀይርለት፤ የቀኑ ሰዓትም ሌላ ይምሰል።

ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

እናትህ የምሆን ወለተሰንበት


ስቶክሆልም፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሰንበት፣

የማይደክመው አምላክ የደከመውን ጉልበትዎን ይደግፍልኝ። የኬብሮንን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያኑርልን። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ እርስዎ አላነሡብኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ አነሣዋለሁ።

ያዘዙኝን ሠርቻለሁ። እዚህ የምሠራበት ድርጅት የተማሪዎችን ፎቶ ያትማል፤ ቀኑን ሙሉ የልጆች ብጉር ሳጠፋ እውላለሁ። የምንሠራበት ፕሮግራም ውስጥ የድሮ ፊልሞችን ቀለም የሚያስመስሉ ፊልተሮች አሉ። አንዱ ፀሐይዋን ያሞቃታል፣ አንዱ ሁሉንም ነገር እንደ እርስዎና እንደ ጋሽ ሃረጎት የሠርግ ፎቶ ያስረጀዋል። ሰማያዊ ሸሚዙን ቡናማ አደረግኩት። ቀትር የነበረውን ብርቱካናማ አመሻሽ አስመሰልኩት። ከበስተኋላው ያለውን ግድግዳ ጌጃ ሰፈር መሆኑ እንዳይለይ አደበዘዝኩት። በመጨረሻም ፊልም ላይ የሚታየውን አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ነሰነስኩበት፤ የነካካሁትን ቦታ ይደብቃል።

ፊቱን አልነካሁም። እጄ እምቢ አለኝ።

ልጅዎ ሃይልኣብ


ልደታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይልኣብ፣

እጅህን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ባለፈው ሳምንት አርባውን አወጣን። ሰው ብዙ ነበር። ማን እንደመጣ ብትጠይቀኝ አላስታውስም።

ፎቶውን አየሁት። አምሯል። ኑኃሚንም «ወይኔ፣ ሙሽራ!» ብላ ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ። ኬብሮን እንዲህ አያደርገውም ነበር። እሱ የራሱ ፊልተር ነበረው፤ ስንት ወር ሲያበጀው ከርሞ «ክረምት» ብሎ ስም አወጣለት። የሚያነሣውን ሁሉ በዚያ ያሳልፈዋል። ያ የፎቶ ቤቱ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ግድግዳ ዝናብ እንደመታው ሆኖ አመድ አመድ ይላል፤ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ደንበኛ ሁሉ «ፊቴን አቅላልኝ» ይለው ነበር። እሱ እሺ አይልም። «እማ፣ ጥላውን ካጠፋሁት ሰውየው ምን ላይ ይቆማል?» ይለኝ ነበር። ደንበኛ ያጣውም በዚህ ነው፤ ስቆጣው ነበር።

ይሁን፣ እርጉዝ ሴት ይህን ምን ብላ ታየዋለች። ልከንላት ደወለች።

«አምሮበታል» አለች። ከዚያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። ማን አነሣው?»

«አብሮት የሚሠራ ልጅ ነው መሰለኝ።»

«ራሱ ነው የላከልሽ?»

«አዎ፣ ከተማ ሲወጡ ላከው።»

«እሺ እማ» አለችኝ። «እሺ። አንቺ ምሳ በልተሻል?»

አመነችኝ። ተመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ልጄን ስዋሽ እንዲህ ይቀለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ገና እየደረሰ ነውና ሌላ አዘጋጅልኝ።

ወለተሰንበት


ስቶክሆልም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሰንበት፣

እንኳን ለገናውም ለጥምቀቱም በሰላም አደረሰዎ ልልዎ ብዕር አነሣሁና ቃሉ ከበደኝ። ሐዘን ቤት እንኳን አደረሰዎ እንዴት ይባላል? እንዲሁ ከሰው አያሳንስዎ።

መልሴ እንደዘገየ አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል እርስዎ አያምኑኝም። ሕፃን ሳለሁ እንኳ ስኳር ልሼ ከንፈሬን ሳልጠርግ እየመጣሁ «አልበላሁም» እልዎት ነበር። እውነቱ ይሄ ነው፤ ፋይሉን እከፍተዋለሁ፣ ኬብሮን ያየኛል፣ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ «ማነው ይሄ መልከ መልካም?» አለችኝ። «ዘመዴ ነው፣ ጋምቤላ ይሠራል» አልኳት። በራሷ ቋንቋ ነው የነገርኳት፤ በሰው ቋንቋ ውሸት እንዴት ይቀላል መሰለዎት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አሁን የላክሁት የጥምቀቱ ነው። ነጭ ልብስ አልብሼዋለሁ። ይህንን በሌላ የፊልም ቀለም አሳለፍኩት፤ ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት እንዳይመስል። ስለ ኬብሮን ፊልተር የጻፉልኝን አንብቤያለሁ። እኔ ጋ የለም፤ የእሱ ኮምፒዩተርም እንደተቆለፈ መሆኑን ኑኃሚን ነግራኛለች። ግን አይጨነቁ። የቀለም ነገር ከእኛ ከሙያው ሰዎች በቀር ማንም ልብ አይለውም።

ሃይልኣብ


ልደታ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይልኣብ፣

እግርህን ከመሰናክል ይጠብቅልኝ። የጥምቀቱ ፎቶ ደርሶኛል፤ ለእሷም ደርሷታል።

ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነው። ርግኣት ስለ ወንድሟ መጠየቅ ትታለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከመዋሸት ዳንኩ አልኩ። ኋላ ግን ከነከነኝ። ትደውላለች፣ ስለ እኔ ብቻ ትጠይቃለች። «ምን በላሽ? ደረጃው አያደክምሽም? ኑኃሚን ትገባለች? እንቅልፍ ይወስድሻል?» አራተኛ ፎቅ እንዴት እንደምወጣ ሁሉ ትጠይቀኛለች። «ኬብሮንስ» የምትል ቃል ከአፏ አትወጣም። የጥምቀቱን ፎቶ ልከንላት «ደርሶኛል እማ» ብቻ አለች።

ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች ናቸው። እሱ ለእሷ ሲል ከትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተደባድቦ መጥቷል። ባል ይዛ፣ ልጅ ልትወልድ፣ እንዲህ ረሳችው? ሞቱን ሳትሰማ የረሳችው ስትሰማ ምን ልትሆን ነው? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ዘንድ ይቅር።

አሁን የምትለምነኝ የእኔን ፎቶ ነው። «ተነሺና ላኪልኝ፤ ሳትዘጋጂ፣ እንዳለሽ» ትለኛለች። እንዳለሁማ ብላክላት ጥቁር በጥቁር ነኝ። ፀጉሬንም ተቆርጫለሁ። በቪዲዮ እንዳትደውል ካሜራው ተሰብሯል ብያታለሁ። ነጭ ልብስ ለብሼ እንዳልነሣ ዓመቱ ሳይሞላ ጥቁሩን ከላዬ ማውረድ አልችልም፤ ለፎቶ ብዬ እንኳ አልችልም። ሞከርኩ። ነጠላውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ ኑኃሚን በጥቁሩ አነሣችኝ። «እትዬ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ! የፓስፖርት አስመሰሉት እኮ!» ብላ ታስቀኝ ነበር፤ ጥርሴ ትንሽ የታየው ለዚያ ነው። አንተ ጥቁሩን ነጭ አድርግልኝ። ሻሹንም፣ ቀሚሱንም፣ ነጠላውንም።

ወለተሰንበት


ስቶክሆልም፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሰንበት፣

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምዎ።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ጥቁርን ነጭ ማድረግ በእኛ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሰማያዊን ቡናማ ማድረግ ቀላል ነው፤ እጥፋቱም ብርሃኑም እዚያው ስላለ ቀለሙ ብቻ ይለወጣል። ጥቁር ልብስ ላይ ግን እጥፋቱ አይታይም። ብርሃን ስጨምርበት ግራጫ ጭቃ ሆነብኝ። የትኛውም ፊልተር አልረዳኝም። በመጨረሻ የነጠላዎን እጥፋት አንድ በአንድ በእጄ ሣልኩት። አራት ምሽት ፈጀብኝ። ስጨርስ አየሁትና፣ እትዬ፣ ሐዘንዎን የሰረቅሁብዎ መሰለኝ። ፊትዎ ያዘነ ነው፤ ልብሱ አላዘነም።

ይህን የምጽፈው ልቆጣ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ አይዘዙኝ። ጴጥሮስም ደክሞታል። ባለፈው ሲደውልልኝ «ሻወር ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ትቆያለች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ እርግዝናው ነው ትለኛለች» አለኝ። እሱም ፈርቶ ብዙ አይጠይቃትም።

ጊዜው ሲደርስ መርዶውን እኔ ልንገራት። ይህን ብቻ ይፍቀዱልኝ።

ሃይልኣብ


ልደታ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይልኣብ፣

ወለደች! ወንድ ነው። ትናንት ጴጥሮስ ደወለልኝ፤ እሱ ሲያለቅስ እኔ ሳለቅስ ስልኩን ዘጋን። እልል ልል መስኮቱን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ኑኃሚን ናት በእኔ ፈንታ ያለችው።

ስላለፈው ደብዳቤህ ተቀይሜህ ነበር፤ መልስ ያልጻፍኩልህ ለዚያ ነው። አሁን ትቼዋለሁ። ደክሞኛል ማለትህ ልክ ነው። ነጭ ያደረግከው ፎቶ ሲደርሳት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ነጩ አምሮብሻል እማ። ፊትሽ ግን ከስቷል። ብዪ፣ እባክሽ።» እኔ ደግሞ «ጾም ነው» አልኳት።

እንግዲህ የተፈራው ቀን መጥቷል። ፋሲካን ትዋል። ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት፣ ክርስትናው ሳይደርስ፣ ይነገራት። አንተ ስለጠየቅከኝ አንተ ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ እዚያ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ጎህ ሲቀድ ድረሱ፤ ሰው ሳይሰማ፣ ቀኑ ሳይጀምር። ሕፃኑን መጀመሪያ ጴጥሮስ ይቀበላት፤ ክንዷ ላይ እያለ አትንገሯት። ጡቷ እንዳይደርቅ አጥሚት አፍልታችሁ ጠብቁ። ካለቀሰች አትከልክሏት። በእኔ ከፈረደችም ፍርዷን ተቀበልልኝ። ልጅ የደበቀች እናት ነኝ።

ወለተሰንበት


ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሰንበት፣

ዛሬ ምርቃቱን አሳጥራለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። የትናንቱን እንዳለ ልንገርዎ።

ከአቶ ሰላሁን ጋር ሄድን፤ ማልሞ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለታችንም ጥቁር ለብሰናል። በደረጃው ስንወጣ «ሃምሳ ዓመት መርዶ ነግሬያለሁ፤ አሁንም አልለመድኩትም» አሉኝ። በሩን ልናንኳኳ ስንል ከውስጥ ተከፈተ። ርግኣት ናት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

«ግቡ» አለች። «ቀስ በሉ፣ አሁን ነው የተኛው።»

አቶ ሰላሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ …» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አውቃለሁ አባባ። ይቀመጡ። ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ መስለዋል።»

ጴጥሮስ አጥሚቱን እንደያዘ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቀረ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜን ብርቱካን ያስመሰልከው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። «አንተ ሰው! ዕድሜውን ሙሉ ያን ቀለም ሲጠላ ኖሮ!» ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና መሬት ቁጭ አለች። እንደ አገራችን ጮኻ አላለቀሰችም፤ ሕፃኑን ፈርታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው። ሁላችንም እንደዚያው አለቀስን።

ኋላ ነገረችን። ጥቁሯን የለበሰችው ጴጥሮስ ጎህ ሳይቀድ አጥሚት ሲያፈላ ሰምታ እንደምንመጣ ስለገባት ነው። ያወቀችው በመጀመሪያው ፎቶ ነው፤ በኅዳር። «ኬብሮን በእሱ ክረምት ያላለፈ ፎቶ ለእኔ ልኮ አያውቅም» አለች። «ሌላ ሰው ቢያነሣው እንኳ ተቀብሎ አስተካክሎ ነው የሚልከው። ያን ፎቶ ሳይ የእሱ እጅ እንደሌለበት አወቅኩ። እጁ ከሌለበት ደግሞ …» አልጨረሰችውም።

«ለምን አልጠየቅሽንም?» አላት ጴጥሮስ። «እኔን እንኳ?»

«አንተማ ፊትህ ፊልተር የለውም። በየቀኑ አነበው ነበር።» ከዚያ ወደ መሬት እያየች እንዲህ አለች፤ «እማን ብጠይቃት ትነግረኛለች። ከነገረችኝ ደግሞ እስክወልድ ድረስ፣ የቀረችኝም ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብላ ዓይኗን አትከድንም። ምንም እንዳላወቅሁ ስታስብ ቢያንስ አንድ ነገር ያዳነች ይመስላታል። እሱን ልወስድባት አልፈለግሁም።»

ስሙን መጥራት የተወችው ለዚህ ነው፣ እትዬ። ስጠራው ድምፄ ይከዳኛል አለች። ወንድሟን አልረሳችም። የእርስዎን ነጭ ልብስም አውቃዋለች። «የእማ ነጠላ እንደዚያ አይታጠፍም» አለችኝ። «ስቃይዋን ልየው ብዬ ነበር የለመንኳት።»

ለእርስዎ ይላክ ያለችው ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። ስትሰደድ ኬብሮን «ክረምትን» ስልኳ ላይ ጭኖላት ነበር። ሕፃኑን በዚያ አሳልፋዋለች። ማንም የቀለም ነገር ልብ አይለውም ብዬ የጻፍኩልዎን ቃል አንሥቻለሁ።

ሃይልኣብ


ልደታ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይልኣብ፣

የሰው መርዶ የተሸከመ ትከሻህን ጌታ ያሳርፍልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ኑኃሚን አነበበችልኝ። ከዚያ የሕፃኑን ፎቶ አየሁ። ብርድ ልብሱ አመድ አመድ ብሏል፤ ከአንገቱ ሥር ያለችው ጥላ ጥቁር እንደሆነች ቀርታለች። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። የኬብሮን እጅ ነው። የእህቱን ልጅ እሱ ያነሣው መሰለኝ፤ ዘለግ ላለ ጊዜ እንዲህ ብቻ መሰለኝ።

ለርግኣት ደወልኩ። ሕፃኑ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ «እማ፣ በልተሻል?» አለችኝ። «አልበላሁም» አልኳት። ስንት ወር ስትጠይቀኝ እውነቱን ስመልስላት ያ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እኔ እሷን ስሸሽግ እሷ እኔን ስትሸሽግ፣ አንድ ልጅ በሁለት ቤት ለየብቻ ሲለቀስለት ከረመ። ስሙን ለሕፃኑ ልስጠው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት። የራሱን ስም ይዞ ይደግ፤ የሰው ሐዘን ተሸክሞ አይምጣ።

ትናንት ልደታ ነበረች። ጎረቤቱ እንደ ወጉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቀቀለ። አልወርድም ብዬ ነበር፤ ኑኃሚን መጥታ «እትዬ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ንፍሮ ተሸክሜ ልወጣ ነው እንዴ?» ብላ አስወረደችኝ። ጥቂት ቀመስኩ። ከዚያ ጌጃ ሰፈር ውሰጅኝ አልኳት። ከተቀበረ ወዲህ ወደዚያ አልሄድኩም ነበር። ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል፤ ግድግዳው እንደዚያው አረንጓዴ ነው። ልጄ የቆመበት ቦታ ላይ ቆምኩና አንሺኝ አልኳት። ፈገግ ይበሉ አላለችኝም።

ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልሃለች። ጥቁር ሻሽ ነው፣ ጥቁር ቀሚስ ነው፣ ጥቁር ነጠላ ነው። ከስቻለሁ፤ ይታያል። ለርግኣት አድርስልኝ። በኬብሮን «ክረምት» እሷ ታሳልፈዋለች።

አንተ ምንም አትንካው።

እናትህ ወለተሰንበት